አራት ዲግሪ

ፍሪጁ በር ላይ የተለጠፈው ሉህ የእኔ ፈጠራ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። እኔ ከመምጣቴ በፊት እዚህ ክሊኒክ ውስጥ የውሻ ክትባትና የሠራተኛ ምሳ አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጥ ነበር። ምሳቸውን አወጣሁና ሉህ ለጠፍኩ፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ዲግሪ፣ ፊርማ። ክትባት ከሁለት በታች ከወረደ ወይም ከስምንት በላይ ከወጣ ይበላሻል። ሲበላሽ ደግሞ አይሸትም፣ ቀለሙ አይለወጥም። ያው ጠርሙስ፣ ያው ዱቄት ነው። ወግተኸው ትሸኛለህ፤ ባለቤቱም አመስግኖህ ይሄዳል። ስለዚህ በየጠዋቱ ቴርሞሜትሩን አይቶ መጻፍ ነው፤ ሌላ ዘዴ የለውም።

በዚህ ሉህ ምክንያት ያልተጣላሁት ሰው የለም። መርፌ የሚል ስም የወጣልኝም ስለምወጋ ብቻ አይደለም፣ በምላሴም ነው። የእንስሳት ነርስ ነኝ። ሥራዬ መውጋት፣ ቁስል ማጠብ፣ ግሉኮስ መሰካት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከባለቤቶች ጋር መጨቃጨቅ ነው። አንዷ ድመቷ ስታስነጥስ አይታ የራሷን የራስ ምታት ክኒን ለሁለት ከፍላ ታውጣታለች። ድመት ያንን ክኒን አትችለውም፤ ግማሹ ይገድላታል። ሌላው እከክ የያዘውን ውሻ በተቃጠለ የመኪና ዘይት ይለቀልቀውና፣ ውሻው ገላውን ልሶ ሲዝለፈለፍ ተሸክሞት ይመጣል። «ሰው ነገረኝ» ይላል። ያንን ሁልጊዜ የሚነግራቸውን ሰው አንድ ቀን ባገኘው ደስ ይለኛል። አስከትቡ፣ የሆድ ትል መድኃኒት በጊዜው ስጡ፣ መዥገሩን ልቀሙ እያልኩ ዘጠኝ ዓመት ጮህኩ። የሌላ ሰው ስህተት ሲሆን አፌ አያርፍም።

ባሌ የሞተው ከሰባት ወር በፊት ነው። መንገድ ሲያቋርጥ መኪና ገጨው። ከተቀበረ በአምስተኛው ቀን ሥራ ገባሁ። ቀብሩ ላይ አላለቀስኩም፣ ከዚያ በኋላም አላለቀስኩም። እህቴ በደወለች ቁጥር «አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» ትለኛለች። ምን ላድርግ፣ አልመጣም። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት የሚወጉህ መርፌ አለ አይደል፤ ከንፈርህን ብትነክሰው አይሰማህም። እንደዚያ ነው የሆንኩት፤ ያኛው ግን በሁለት ሰዓት ይለቃል። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬ እወርዳለሁ። ሰዎች «እንዴት ያለች ጠንካራ ሴት ናት» ይላሉ። ጥንካሬ አልነበረም፤ ምንም ነገር አልነበረም።

በተመለስኩ በጥቂት ሳምንት ውስጥ አንድ ጠዋት እስክሪብቶ ይዤ ፍሪጁ ፊት ቆምኩ። በሩን ከፍቶ ቁጥሩን ማየት ነው፣ ሌላ ምንም የለም። አላየሁም። ግድ አልሰጠኝም። ትናንት አራት ነበር፣ አራት ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱም አራት። ቆይቼ ደግሞ በየቀኑ ምን አስቆመኝ አልኩና ሰኞ ጠዋት የሳምንቱን በአንድ ጊዜ መሙላት ጀመርኩ። አራት፣ አራት፣ አራት፣ አራት፣ አራት። ሰዓቱን እንኳ እውነት እንዲመስል እያቀያየርኩ ነበር የምጽፈው፤ አንዱን ሁለት ከአምስት፣ አንዱን ሁለት ከአሥር። ሰው ሁሉ ላይ የጮህኩበትን ሉህ እኔው ራሴ እንዲህ አደረግኩት።

አማቴ ቡችላቸውን ዘንቢል ውስጥ አድርገው የመጡት ረቡዕ ጠዋት ነው።

ስለ ቡችላው ልንገራችሁ። አማቴ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት ክፍል ቤት። ልጃቸው፣ ማለት ባሌ፣ ከሞተ በኋላ ከአልጋ አልነሳ አሉ። ምግብ ወስጄላቸው በማግስቱ ስመለስ ሳህኑ እንደተከደነ አገኘዋለሁ። ታች ቤት የምትኖረው ልብስ ሰፊ ውሻዋ ወልዳ ነበርና አንዱን ቡችላ ሳትጠይቃቸው እቅፋቸው ላይ አስቀምጣ ሄደች። ከዚያ ተነሱ። ቡችላ እኮ እኔ አዝኛለሁ ብትለው አይሰማም፤ ጋዜጣው ላይ ይሸናል፣ ጫማ ይበላል፣ ወተት ይላል። ጎረምሳው አሉት። ገና ጥርሱን ላልጨረሰ ፍጥረት ጎረምሳው። በስልክ ስንገናኝ ድሮ ስለ ልጃቸው የሚያወሩልኝን ያህል ስለ እሱ ማውራት ጀመሩ፤ ዛሬ ይሄን ቀደደ፣ ዛሬ ይሄን ሰረቀ። ሁለቱንም ክትባት የወጋሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ ከዚያ ፍሪጅ አውጥቼ።

«እማማ፣ ምን ሆነ?» አልኳቸው።

«ከትናንት ጀምሮ ያስመልሰዋል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ…» አልጨረሱትም። ፎጣውን ገለጥ አደረጉልኝ።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ነበር። ሽታውን አንዴ ያወቀ ሰው አይረሳውም፤ ከሌላ ከምንም ነገር ጋር አይምታታም። ፓርቮ ነው። ቡችሎችን አንጀታቸውን ልጦ የሚጨርስ በሽታ። ጎረምሳው ቀና ብሎ አየኝና ጭራውን አንድ ጊዜ ብቻ ወዘወዘልኝ።

ዶክተሩ መጥቶ መረመረው። ዶክተራችን ወጣት ነው፤ ለልምምድ ሲመጣ እዚሁ እኔ ጋ ነው መርፌ መያዝ የተማረው፤ እትዬ መርፌ ነው የሚለኝ። መመርመሪያው ላይ ሁለቱም መስመር ቀላ፤ ይዞታል ማለት ነው። የክትባት ካርዱን ገለጠ።

«ሁለቱን ወስዷል?»

«ወስዷል። ሦስተኛው በሚመጣው ሳምንት ነበር።»

«እርስዎ ነዎት የወጉት?»

«እኔ ነኝ።»

ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «ሁለት ወስዶ እንዲህ መያዝ አልነበረበትም። እንግዲህ አልፎ አልፎ ያጋጥማል» አለና ግሉኮስ ለማምጣት ሄደ።

እኔ ወደ ፍሪጁ ሄድኩ። በሩን ከፍቼ ቴርሞሜትሩን አየሁት። አሥራ ሰባት ይላል። አንዱን የክትባት ጠርሙስ በእጄ ያዝኩት፤ ኪስ ውስጥ የከረመ ነበር የሚመስለው። በሩን ዘግቼ ሉሁን አየሁ። የዛሬው ረቡዕ አራት ነው። የነገው ሐሙስም አራት ነው። ያልመጣውም ዓርብ አራት ነው፤ ፊርማዬም አለበት።

አንድ ነገር ሊሰማኝ ይገባ ነበር፤ ድንጋጤ፣ ፍርሃት፣ የሆነ ነገር። ምንም አልተሰማኝም። አሥራ ሰባት፣ አልኩ ለራሴ። ከዚያ ሉሁን ገንጥዬ አዲስ ሉህ አወጣሁና እስከ ትናንት ያለውን አራት ሁሉ ገለበጥኩ፤ ዛሬ ላይ አሥራ ሰባት ብዬ ጻፍኩ። አሮጌውን አጥፌ ጋውኔ ኪስ ከተትኩት። ጽሑፌም ያምር ነበር።

«ዶክተር፣ ፍሪጁ ተበላሽቷል» አልኩት።

መጣና አየ፤ ሉሁንም አየ። «ትናንት አራት ነበር። ሌሊቱን ነው እንግዲህ የተበላሸው። ውስጥ ያለውን በሙሉ እናስወግደው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። «እግዜር ይስጥዎት እትዬ መርፌ። ይህ ሉህ ባይኖር ስንቱን ሰው ስንጠራ እንውል ነበር።»

«ምንም አይደል» አልኩት። በአምላክ እንደዚያ ነው ያልኩት።

ከሰዓት በኋላ የፍሪጅ ጠጋኙ መጣ። ፍሪጁን ወደፊት ሳብ አድርጎ ከኋላ አጎንብሶ ቆየና ቀና አለ። «ይሄ የአንድ ሌሊት ብልሽት አይደለም እትዬ። ጋዙ ቀስ እያለ ነው ያለቀው። ቢያንስ ሦስት ወር ሆኖታል።»

«ሉሁን እየው» አልኩት።

ሉሁን አየ። እኔንም አየኝ። «እንግዲህ ወይ እኔ ወይ ሉሁ» አለና ጋዙን ሞልቶ መፍቻውን ወደ ቦርሳው መለሰ። ዶክተሩ ሌላ ክፍል ውስጥ ድመት እያኮላሸ ስለነበር አልሰማም።

ጎረምሳውን ከኋላ ያለችው ጠባብ ክፍል አስገባነው። ፓርቮ የያዘው ከሌሎች ጋር አይደባለቅም። ስገባ ሌላ ጋውን፣ ጓንት፣ ቦቲ ጫማ፤ ስወጣ ጫማዬን በረኪና የተሞላ ሳፋ ውስጥ መንከር ነው። የፊት እግሩን ላጭቼ ግሉኮስ ሰካሁለት፣ ማስመለሱን የሚያቆም መርፌ ወጋሁት፣ ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልዬ ጀርባው ሥር አደረግኩለት። ለቫይረሱ መድኃኒት የለውም። ፈሳሹን እየተካህ፣ እያሞቅክ፣ ሌላ በሽታ እንዳይደርብበት እየጠበቅክ መቆየት ነው፤ አንጀቱ ራሱ እስኪያገግም ከቆየ ይተርፋል፣ ካልቆየ አይተርፍም። ሦስት አራት ቀን ነው ወሳኙ።

አማቴ አልሄድም አሉ። ከክፍሏ በር ውጭ የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጥኩላቸው። በሩ መስታወት ስላለው ያዩታል።

«ልጄ» አሉኝ ስወጣ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪኝ።»

«ለምን እቆጣለሁ እማማ።»

«ሦስተኛውን መርፌ ሳይወስድ መሬት እንዳይረግጥ ብለሽኝ አልነበር? አወረድኩት። ባለፈው ሳምንት። ፀሐይ ይሙቅ ብዬ ታች ግቢው ውስጥ አወረድኩት። አምስት ደቂቃ አይሞላም። አፈሩን አሸተተ።» ጣቶቻቸውን እርስ በርስ አቆላለፏቸው። «እኔ ነኝ።»

ቫይረሱ አፈር ውስጥ ዓመት ይቆያል፣ እውነት ነው። ግን ሁለት ደህና ክትባት የወሰደ ቡችላ በአምስት ደቂቃ ፀሐይ እንዲህ አይወድቅም። ይህንን እዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ምላሴ ተሳሰረ ብላችሁ ውሸት ነው፤ ምላሴ ደህና ነበር። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

«ያጋጥማል፣ እማማ» አልኳቸው።

ሐሙስ ባሰበት። ጆሮው ቀዘቀዘ፣ ድዱ ወረቀት መሰለ። ሳነሳው አንገቱን መሸከም አቃተው። ዶክተሩ በየሁለት ሰዓቱ ይገባል ይወጣል። አማቴ ጠዋት ከእኔ ቀድመው መጥተው በር ላይ ቆመው ነበር። ቁርስ አልበሉም፤ ምሳም የገዛሁላቸውን ዳቦ አንድ ጊዜ ገምጠው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። አላለቀሱም። ወንበሩ ላይ ተቀምጠው በመስታወቱ ያያሉ፤ በገባሁ በወጣሁ ቁጥር «ዛሬስ እንዴት ነው?» ሳይሆን «ይቅር ይለኝ ይሆን?» ነው የሚሉት። እንደ ቀልድ ነበር የሚሉት። ቀልድ አለመሆኑን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

እኔ ሥራዬን ሠራሁ። የድመት ጆሮ አጸዳሁ፣ ከአንድ ትልቅ ውሻ ጣቶች መካከል መዥገር ለቀምኩ፣ የጓዳውን ወለል በበረኪና አጠብኩ። አዲስ ክትባት በበረዶ ሣጥን መጣና የተጠገነው ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት። ቁጥሩን አየሁ፤ አምስት። አምስት ብዬ ጻፍኩ። ቀላል ነገር ነው። ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

ዓርብ ጠዋት ማስመለሱ ቆመ። ቆመ ማለት ዳነ ማለት አይደለም፣ ግን ቆመ። ወጥቼ ለአማቴ ነገርኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ከተረፈ ለሌላ ሰው ስጪው» አሉኝ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ልጆች ላሉበት ቤት ስጪው። ደህና እጅ ላለው ሰው።» መዳፎቻቸውን ገልብጠው አዩአቸው። «እኔ የነካሁት አይበረክትም። ልጄንም እኔ ነኝ የገደልኩት፣ አንቺ ዝም ብለሽኝ ነው እንጂ ታውቂዋለሽ። የመታጠቢያ ቤቱ መብራት ተቃጠለ ብዬ ጠዋት ደወልኩለት። ለአንድ አምፖል ሲመጣ ተገጨ። ጎረቤት አይቀይርልኝም ነበር? ይኸው ሰባት ወር ሆነኝ፣ አምፖል ባየሁ ቁጥር…» አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «አሁን ደግሞ ይሄ። ፀሐይ ይሙቅ ብዬ።»

ቦቲ ጫማዬ በረኪናው ሳፋ ውስጥ እንደቆመ ነበር። ከዚያ ቀን በፊት ብትጠይቁኝ ዝም ማለት ቀላሉ ነገር ነው እላችሁ ነበር፤ ዝም ካልክ ነገሩ በራሱ ያልፋል። እኚህ ሴትዮ ግን የእኔን ሸክም ደርበው ተሸክመው እያየሁ ነው። የራሳቸው አልበቃ ብሏቸው የእኔን። ቡችላው ቢተርፍ እንኳ ለሰው ሰጥተው ወደዚያ አልጋ ሊመለሱ ነው። ከዚያ አልጋ ደግሞ ሁለተኛ የሚያስነሳቸው አይኖርም።

«እማማ» አልኩ። «ቡችላውን ያሳመምኩት እኔ ነኝ።»

አላመኑኝም፤ ላጽናናቸው መሰላቸው። አሮጌውን ሉህ ከኪሴ አውጥቼ ዘርግቼ አሳየኋቸው። ይህ የፍሪጁ ሙቀት ነው፣ በየቀኑ አይቼ መጻፍ ነበረብኝ፣ ሳላይ ነው የጻፍኩት አልኳቸው። ይኸው የዛሬው ዓርብ፣ ሰኞ ዕለት የጻፍኩት። ፍሪጁ ከተበላሸ ሦስት ወር ሆኖታል። ሁለቱም መርፌ ውኃ ነው የነበረው። ግቢው ውስጥ አምስት ደቂቃም ቢቆም አምስት ሰዓት፣ ክትባቱ ደህና ቢሆን ኖሮ ይችለው ነበር።

መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። አምስቱን አራት በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩ።

«ለጎረምሳው ብቻ ነው የወጋሽው?»

«አይደለም። ሃያ ሁለት ሌሎች አሉ። ቡችሎችና የድመት ግልገሎች።»

«ባለቤቶቹ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ እዚህ ቆመሽ ለእኔ ታወሪያለሽ?» አሉ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ሂጂ፣ ልጄ። ሂጂ ንገሪያቸው።»

ዶክተሩ ቢሮው ውስጥ ነበር። ሉሁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለትና ለአማቴ ያልኩትን ደገምኩለት፤ የጠጋኙንም ቃል ጨመርኩለት። እኔን አላየኝም። ሉሁን ነበር የሚያየው።

«ይህንን ሉህ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለ በመጨረሻ። «አንድ ቀን ሳላይ ጽፌ ምሳ ሰዓት ድረስ አፈር ድሜ አስግጠውኛል። ለምን?»

«አላውቅም። ግድ አልሰጠኝም ነበር።»

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። አልጮኸም። «መጀመሪያ እንደውል። የእኛን በኋላ እናወራለን» አለ። በኋላ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ገብቶኛል። የሚፈርደውም ትክክል ነው።

መዝገቡን ለሁለት ተካፍለን ደወልን። የእኔ አሥራ አንድ ነበሩ። አንድ ዓይነት ነገር ነው የምለው፤ የሰጠነው ክትባት ተበላሽቶ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ከቤት አታውጧቸው፣ ነገ አምጧቸውና እንደገና እንከትባለን። አብዛኞቹ ደህና ናቸው። አንዱ «ምን ይደረጋል፣ ሰው ነሽ» አለኝ። ሁለት የድመት ግልገል ያላት ሴትዮ «እጅሽ ይሰበር» ብላ ዘጋችብኝ፤ እሷም እውነቷን ነው። ዘጠነኛው ባለታክሲ ነው። ቡችላው ከሁለት ሳምንት በፊት ሞቷል።

«ደም አስቀመጠው አይደል?» አልኩት።

«አዎ። በምን አወቅሽ?»

ነገርኩት። ከስልኩ ውስጥ የመኪና ጡሩምባ ብቻ ነው የሚሰማው። ከዚያ፦ «እኔ እኮ ጎረቤቴ የመረዘው መስሎኝ… ግድግዳ የምንጋራ ሰዎች ነን። ልጆቹ ፊት ገዳይ ነህ አልኩት። ልጆቻችን አይነጋገሩም አሁን።» ተነፈሰ። «ይሄንን እኔ አልነግረውም። ራስሽ መጥተሽ ንገሪው።»

«እመጣለሁ» አልኩት። አድራሻውን ጻፍኩ።

ስልኩን ሳስቀምጥ አፈርኩ። ፊቴ፣ ጆሮዬ፣ አንገቴ ድረስ ጋለ። ከሰባት ወር ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር ሐፍረት ነው። የቀሩትን ሁለቱን የደወልኩት በዚያው ድምፅ ነው፤ እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ወደ አማቴ የተመለስኩት ዐሥር ሰዓት ገደማ ነው። ጋውን ቀይሬ፣ ጓንት አድርጌ ጎረምሳው ጋ ገባሁ። ቀቅለን የፈጨነውን የዶሮ ሥጋ የጣቴን ጫፍ ያህል አፉ ላይ ቀባሁለት። ቆይቶ ላሰው። እንደገና ቀባሁለት፣ እንደገና ላሰ፤ ከዚያ ተነስቶ ልቁም ብሎ እግሮቹ ከዱትና ቂጡ ላይ ቁጭ አለ። ዶክተሩ በመስታወቱ አየና አውራ ጣቱን አነሳልኝ። ከዚያ ከማን ጋር እንደሆነ ትዝ አለው መሰል ጣቱን አወረደው።

ወጣሁ። አማቴ አይተዋል፤ ፈገግ ግን አላሉም።

«ይተርፋል፣ እማማ።»

«አየሁት።» ከዚያ በአገጫቸው ወደ መስታወቱ እያመለከቱ፦ «ለዚህኛው መጥተሽ እኔ ነኝ አልሽኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ደረቴ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ቀለለኝ፤ አልዋሽሽም። ለልጄስ? ለልጄ ማን መጥቶ እኔ ነኝ ይለኛል?»

መልስ የሚጠብቁ አልመሰሉም። ዝም ብል ይቀበሉኝ ነበር።

«ያን ቀን እሑድ ነበር» አልኩ። «እርስዎ ከደወሉ በኋላ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ነበር። ደክሞኛል፣ ነገ ከሥራ መልስ እሄዳለሁ አለ። ተነስ፣ እናትህ ጨለማ ውስጥ ናቸው፣ አሁኑኑ ሂድ ብዬ ያስነሳሁት እኔ ነኝ። ለእርስዎ አስቤ አይደለም፣ እማማ። ቤቱን ልወለውል ፈልጌ ነው። እግሬ ሥር ሆኖብኝ ነው።»

ይህንን ለእህቴም፣ ለማንም ነግሬ አላውቅም። አለቀስኩ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ አላለቀስኩም። የበሩን እጀታ ግን ያዝኩ።

አማቴ አዩኝ። ቁጣ ጠበቅኩ። ቢመቱኝም ቆሜ እመታላቸው ነበር።

«ነገ እሄዳለሁ ብሎ ነበር?» አሉ።

«ብሎ ነበር።»

«ደክሞት ነበር ልጄን?»

«ደክሞት ነበር።»

ቦርሳቸውን ከጭናቸው ላይ አንስተው ወለሉ ላይ አስቀመጡ። «ተቀመጪ» አሉኝ። ሌላ ወንበር አልነበረም። የበረኪና ጠርሙስ የመጣበትን ሣጥን ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

«ቁርስ በልቶ ነው የወጣው?»

«በልቷል፣ እማማ» አልኳቸው። «ሁለት እንቁላል በልቶ ነው የወጣው።»